«ሲስተም የለም»፦ ስለ ስማርት ከተማ ከጦሳ ሥር

ባለፈው ክረምት አጎቴን ይዤ የመሬት ጉዳይ ወደሚታይበት አንድ መሥሪያ ቤት ሄድሁ። አጎቴ ደሴ ውስጥ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ተዳፋት ላይ በተሠራ ሰፈር ውስጥ ከ40 ዓመት በላይ የኖረበት ቤት አለው፤ ከቤቱ ጀርባ ያለው የድንጋይ ካብ ውሃ ጠጥቶ ሆዱን ስለ ነፋ አፍርሶ በሲሚንቶ ለማሠራት ፈቃድ ፈለገ። ፈቃዱ ካርታ ይጠይቃል፤ ካርታው ፋይል ይጠይቃል፤ ፋይሉ ደግሞ ከመዝገብ ቤት አልተገኘም። በሦስተኛው ቀን ፋይሉ ወደ ኮምፒውተር ገብቷል ተባልንና ደስ አለን። ከመስኮቱ ጀርባ ያለችው ልጅ ግን ጥቂት ነካክታ ቀና አለችና «አባባ፣ ሲስተም የለም፤ ነገ ይመለሱ» አለችው። አጎቴም «አብሽሪ ልጄ፣ ሲስተሙ ሲመጣ እኔም እመጣለሁ» ብሎ ከዘራውን አንሥቶ ወጣ።

በሙያዬ ቀያሽ ነኝ። ስለ ስማርት ከተማ፣ ማለትም በዲጂታል ቴክኖሎጂ ስለሚመራ ከተማ፣ የሚያትቱ ሰነዶችን ማንበብ ከጊዜ በኋላ ልማድ ሆኖብኛል፤ ስለ ካሜራ፣ ስለ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ስለ መረጃ ቋት፣ ራሱን ስለሚያጠፋና ስለሚያበራ የመንገድ መብራት ብዙ ይናገራሉ። ከዚያ መስኮት ስመለስ ግን ያነበብሁትን ሁሉ በአንድ ጥያቄ መመዘን ጀመርሁ፦ ከተማው ስለ አጎቴ ካብ ምን ያውቃል? ከካቡ በላይ ያለውን መሬት ዳገትነት፣ የሰሞኑን ዝናብ መጠን፣ የውሃ መውረጃ ቦዩ መደፈን አለመደፈኑን፣ ከካቡ በታች ስንት ሰው እንደሚተኛ ከአንድ ጠረጴዛ ላይ አግኝቶ ሊያነብ የሚችል ሹም አለ? ቢያነብስ፣ ከዚያ በኋላ አንድ ነገር የማድረግ ሥልጣንና በጀት በማን እጅ ነው? አንዳንድ ጸሐፊዎች ስማርት ሲቲን «ብልህ ከተማ» ብለው ይተረጉሙታል። እኛ ብልህ የምንለው ሰውን ነውና ትርጉሙ ለጆሮዬ እምብዛም አልተስማማኝም፤ ነገር ግን ቃሉን ከተቀበልነው ብልህነቱ የሚለካው ከተማው ስለ ራሱ ባወቀው ነገር ላይ ተመሥርቶ ማን በወቅቱ ምን እንዳደረገ በማየት መሆን አለበት።

ቴክኖሎጂ የምጠላ ሰው ሆኜ እንዳልታይ አንድ ነገር ልናገር። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ እናቴ ለመብራት ሂሳብ መሰለፍን ትታለች፤ ቡናዋን እያፈላች ትከፍላለች። ይህ ያለ ብዙ ስብሰባ የተሳካው ለምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ይጠቅማል። ቆጣሪው አንድ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ ከአንድ ደንበኛ ስም ጋር ተያይዟል፤ ገንዘቡን የሚቀበለውም አንድ ድርጅት ነው፤ ስለዚህ ስልኩ የመጣው አስቀድሞ የጠራ መዝገብ ላይ ነው። የአጎቴ ቦታ ግን በመሬት ክፍሉ አንድ ቁጥር፣ የጣሪያና ግድግዳ ግብር በሚከፈልበት ደረሰኝ ላይ ሌላ ቁጥር፣ በቀበሌው መዝገብ ደግሞ ሦስተኛ የቤት ቁጥር አለው። ሦስቱን ቁጥሮች ወደ ኮምፒውተር ማስገባት ግራ መጋባቱን ከወረቀት ወደ መስታወት ማዛወር ነው።

ከተማ ስለ ራሱ ሊያውቀው የሚገባው የመጀመሪያው ነገር የነዋሪው ቁጥር ነው። ኢትዮጵያ ሕዝቧን በአገር አቀፍ ደረጃ የቆጠረችው ሦስት ጊዜ ብቻ፣ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ነው። በመጨረሻው ቆጠራ ደሴ በዙሪያዋ ከሚገኙት የገጠር ቀበሌዎች ጋር 151,174፣ ኮምቦልቻም በተመሳሳይ ሁኔታ 85,367 ነዋሪ ነበራቸው። አራተኛው ቆጠራ በ2010 ሊካሄድ ታስቦ ተራዘመ፤ በ2011ም እንደገና ተራዘመ። በ1999 የተወለደ ሕፃን ዛሬ ድምፅ ለመስጠት ደርሷል፤ በእነዚህ ዓመታት ወሎ ዩኒቨርሲቲ ተስፋፍቷል፣ በሐምሌ 2009 የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆ ተከፍቷል፣ ጦርነት መጥቶ ሄዷል፣ ተፈናቃይም ገብቷል። የውሃ መስመሩም፣ ትምህርት ቤቱም፣ የቆሻሻ መኪናው ዙርም የሚታቀደው ግን በዚያ አሮጌ ቁጥር ላይ ግምት እየተቀጠለ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የቆመው የፋይዳ መታወቂያ ክፍተቱን ይሞላዋል የሚሉ ወዳጆች አሉኝ፤ በከፊል እስማማለሁ። ፋይዳ ማን እንደ ሆንህ ይናገራል፤ ከየትኛው ካብ ሥር እንደምትተኛ ግን አይናገርም።

ወደ ፋይሉ ልመለስ፤ ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነውና። የአንድ አሮጌ ሰፈር ፋይል ሲገለጥ የሦስት መንግሥታት ወረቀት ይወጣል። ከሐምሌ 1967 በፊት የተጻፈ የግዢ ውል ሊኖር ይችላል፤ በዚያ ወር የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ የቀበሌ ቤትና የቀበሌ ደብዳቤ መጡ፤ ከዚያ በ1986፣ በ1994 እና በ2004 የወጡት የሊዝ አዋጆች እየተከታተሉ የየራሳቸውን ቋንቋ ጨመሩበት። በመካከሉ ባለቤቱ ይሞታል፣ ወራሾች በሽማግሌ ይካፈላሉ፣ አንዱ ድርሻውን በመንደር ውል ይሸጣል፣ አጥር ይገፋል። ሰነድ አልባ የሚባለው ይዞታ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጠረው ሕግ ጥሶ የመጣ ሰው ስላለ ብቻ አይደለም፤ ሕጉ ራሱ ሦስትና አራት ጊዜ ቤቱን ለውጦ ነዋሪውን ባለበት ስለ ተወውም ነው።

ይህን ለማጥራት የወጣው የከተማ ቦታ ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818/2006 በእኔ እምነት በአገራችን ስለ ስማርት ከተማ ከተጻፈ ከማንኛውም ሰነድ ይበልጣል፤ ምንም እንኳ «ስማርት» የሚል ቃል ባይገኝበትም። አሠራሩ ሲዘረዘር እንዲህ ነው፦ አንድ ሰፈር ለይዞታ ማረጋገጥ ሥራ ተለይቶ ይታወጃል፤ ባለይዞታዎች ማስረጃቸውን ይዘው ይቀርባሉ፤ ወሰኑ ጎረቤት ባለበት ይለካል፤ ውጤቱ ለሕዝብ እይታ ተለጥፎ ቅሬታ ይሰማበታል፤ ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ቁራሽ መሬት ላይ ያለው መብት፣ ክልከላና ኃላፊነት ይመዘገባል። «ክልከላ» የምትለዋን ቃል እወዳታለሁ። ከአጎቴ ቤት በላይ ያለው ገደል ሊናድ የሚችል ነው ከተባለ፣ እዚያ ላይ ቆርጦ መሥራት ክልክል መሆኑ ገዢም ሻጭም ባንክም በሚያየው በዚያው መዝገብ ላይ ሊቀመጥ ይችላል ማለት ነውና።

ሥራው ግን ይንቀረፈፋል፤ በዚህም እኛ ቀያሾች ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። በሴንቲ ሜትር ካልለካን ሥራ የሠራን አይመስለንም። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጋ ቁራሽ መሬት ስትመዘግብ የተጠቀመችው የአየር ፎቶግራፍ ወረቀት ላይ አሳትሞ፣ ከየአካባቢው የተመለመሉ ወጣቶችን አሠልጥኖ፣ ባለቤትና ጎረቤት ቆመው እያዩ ድንበሩን በብዕር ማስመርን ነው። ጥቂት ሜትር ስሕተት ይኖረዋል፤ ቢሆንም ሙሉ ነው። ግማሽ ከተማን በሴንቲ ሜትር ከማወቅ ሙሉ ከተማን በሜትር ማወቅ ለአስተዳደር ይሻላል፤ ይህን ለማለት የበቃሁት ከብዙ ዓመት የመለኪያ ጉዞ በኋላ መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።

አንድ ነገር በአጭሩ ልጨምር። በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ሲያዙ የብዙ ተቋማት ንብረት ተዘርፏል፣ ወድሟል። ያን ያየ ሰው «መረጃው በኮምፒውተር አለ» ሲባል ሁለተኛው ቅጂ የት እንዳለ መጠየቁ አይቀርም። ስለ አምፖልና ስለ ካሜራ ከመነጋገር በፊት የየዕለቱ ቅጂ ከከተማው ውጭ መቀመጡን ማረጋገጥ ይቀድማል፤ ወጪውም ከአንድ የመንገድ አደባባይ ያነሰ ነው።

የሌሎች አገሮችን ልምድ ስናይ ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው ሴኡልን ወይም ሲንጋፖርን ነው፤ እኛን የምትመስለው ግን ህንድ ናት። ህንድ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2015 የ100 ከተሞች የስማርት ከተማ ተልእኮ ጀምራ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ዘጋችው። ከተሞቹ በውድድር ተመረጡ፤ በሁሉም የመቆጣጠሪያ ማዕከል ተቋቋመ፤ በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ማዕከሎቹ የሕሙማን መረጃ ለመከታተል ጠቅመዋል። ይሁን እንጂ ሥራውን ለመምራት በየከተማው ልዩ ኩባንያ ስለ ተቋቋመ፣ ሕዝብ የመረጠው የከተማ ምክር ቤት በብዙ ቦታ ተመልካች ሆነ፤ አብዛኛው ገንዘብም የፈሰሰው ለማሳያነት በተመረጡ ጥቂት ሰፈሮች ላይ ነው። ኩባንያው ፈጣን ነበር፤ ቦዩ የተደፈነበት ነዋሪ ግን አቤት የሚለው ለኩባንያው ይሁን ለምክር ቤቱ አልለየለትም። የኮሪደር ልማት በ2016 ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ክልል ከተሞች፣ ወደ ደሴና ኮምቦልቻም ሲደርስ ያሳሰበኝ ይኸው ነው። የእግረኛ መንገዱን ወድጄዋለሁ፤ ሽማግሌ ከመኪና ጋር ሳይጋፋ ሲሄድ ማየት መልካም ነው። ነገር ግን ኮሪደሩ በዋናው መንገድ ላይ ሲያበራ ከኋላው ያለው ተዳፋት ሰፈር ውሃውን ወዴት እንደሚያፈስ የሚጠየቅ ሰው በስሙ መታወቅ አለበት።

ስለ ተዳፋቱ ከተነሣ፣ ብራዚል ውስጥ ያለችው ሪዮ ዴ ጃኔሮ ከሁሉም ይልቅ ለደሴ ትቀርባለች ብል አጋነንህ አትበሉኝ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2010 በጣለው ዝናብ በሪዮ ግዛት ኮረብታዎች ተንደው ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከተማዋም በዚያው ዓመት መጨረሻ በአይቢኤም ኩባንያ ረዳትነት የታወቀውን የኦፕሬሽን ማዕከል ከፈተች። ዓለም ፎቶ ያነሣው ግድግዳ የሚያክለውን ስክሪን ነው። እኔ የምቀናው ግን በሌላው ሥራ ነው፦ በየኮረብታው የዝናብ መለኪያ ተተከለ፣ ከ100 በላይ በሆኑ የተዳፋት ሰፈሮች የማስጠንቀቂያ ጩኸት ማሰሚያ ቆመ፣ ዝናቡ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ጩኸቱ ይሰማና ሰው ወደ ተለየ መጠለያ ይሄዳል። መለኪያው፣ ጩኸቱና መጠለያው በአንድ ገመድ ታስረዋል።

ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል፣ በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በጠባብ ሸለቆ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከተራራው ላይ ለዘመናት የወረደው ልል አፈርና የበሰበሰ ድንጋይ ተዳፋቱን ሸፍኖታል፤ ክረምት ገብቶ ውሃ ሲጠግብ ይንሸራተታል። ተፈጥሮው ይህ ሆኖ ሳለ ሰውም ያግዘዋል፦ ለቤትና ለመንገድ የዳገቱ እግር ይቆረጣል፣ የቤት ፍሳሽ ያለ ቱቦ ወደ መሬት ይሰርጋል፣ ቦዩ በፕላስቲክ ይደፈናል። በሐምሌ 2016 በጎፋ ዞን ከ200 በላይ ወገኖቻችንን የቀበረው ናዳ ከበላቸው ብዙዎቹ የመጀመሪያዎቹን ለማውጣት የተሯሯጡት ነበሩ። ዳገት አንድ ጊዜ ከተናደ ሁለተኛው እንደሚከተል የሚያስጠነቅቅ ሰው በቦታው ቢኖር ኖሮ እያልሁ አሁንም አስባለሁ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የወሎን ከተሞች አስተዳደር የሚፈትነው ቦርከና ነው። ወንዙ ከደሴ ዙሪያ ካሉት ደጋዎች ይነሣል፤ በከተማዋ ያልፋል፤ በዶሮ መዝለያ ጠባብ ገደል ሾልኮ ከ600 ሜትር በላይ ይወርድና ኮምቦልቻ ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ ጨፋ ሜዳ፣ በኋላም ወደ አዋሽ ይሄዳል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደሴ ላይ የወደቀ ዝናብና የተጣለ ቆሻሻ ኮምቦልቻ ይወርዳል፤ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ የፋብሪካ ፍሳሽ ይጨመርበታል፤ ከዚያ በታች ያለው ገበሬና ከብት ድምሩን ይጠጣል። በየከተማው ፕላን ላይ ግን ወንዙ የሚጀምረውም የሚያልቀውም ከወሰኑ መስመር ላይ ነው። አንዱ ከተማ ፍሳሹን ከወሰኑ ሲያስወጣ በዕቅዱ ላይ «ተጠናቋል» ብሎ ይጽፋል፤ ለታችኛው ከተማ ነገሩ የሚጀምረው ያኔ ነው።

እዚህ ላይ ስማርት የሚባለው ነገር ምን ያህል ርካሽ ሊሆን እንደሚችል ላሳይ። ከዶሮ መዝለያ በላይ ባለ አንድ ድልድይ ምሰሶ ላይ በቁጥር የተሰመረ የውሃ ከፍታ መለኪያ ይሳል፤ በጦሳ ተዳፋት ላይ በጥቂት ትምህርት ቤቶች ግቢ የዝናብ መለኪያ ይቀመጥና ተማሪዎች በየጠዋቱ ያንብቡት፤ ውሃው ከቀይ መስመር ሲያልፍ ደሴ ላይ ያለ ተረኛ ኮምቦልቻ ላይ ላለ ተረኛ ይደውል። ጎርፉ ገደሉን ወርዶ እስኪደርስ ያለው ጊዜ ከወንዝ ዳር ሕፃንና ከብት ለማንሣት ይበቃል። ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ በአንድ ከረጢት ይገባል። የሚከብደው የስልኩ ጥሪ ነው፤ ምክንያቱም ደዋዩ የአንዱ ከተማ፣ ተቀባዩ የሌላው ከተማ ሠራተኛ ስለ ሆነ፣ መደወልን የሥራ ግዴታቸው የሚያደርግ የጋራ ስምምነት፣ ባይደውሉ የሚጠይቅ የጋራ ጉባኤ፣ የአየር ሰዓት የሚሸፍን የበጀት መስመር ያስፈልጋል። እነዚህ የሚገኙት ከሁለት ምክር ቤቶች ውሳኔ እንጂ ከመሣሪያ አቅራቢ አይደለም።

ስለ ካሜራ ብዙ አልልም። ሌባ ለመያዝ ይጠቅማል፤ ሆኖም ምስሉ ስንት ቀን እንደሚቆይና ማን እንደሚያየው ነዋሪው መጠየቅ ይችላል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ጥያቄው ሕጋዊ መሠረት አለው።

አሁን ወደ አጎቴ ካብ እመለሳለሁ። በነሐሴ አጋማሽ፣ ፈቃዱ ገና በሂደት ላይ ሳለ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ገደማ ካቡ ድንጋይ ማራገፍ ጀመረ። ድምፁን የሰማው ጎረቤት ቀበሌ አልደወለም፤ የቅሬውን ጥሩንባ ነፊ ቀሰቀሰ። ወሎን ለማያውቅ አንባቢ ቅሬ ማለት ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ለቀብርና ለመረዳዳት የሚታቀፍበት የሰፈር ማኅበር ነው። ጥሩንባው ያለ ሰዓቱ ሲነፋ ሰው ለቅሶ መስሎት ወጣ። የቅሬው ጸሐፊ በዝናቡ ውስጥ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎ ከበር ወደ በር እየሄደ ስም ይጠራ ነበር፤ በየቤቱ ስንት ሰው እንዳለ፣ የትኛዋ እናት በእግሯ መሄድ እንደማትችል፣ የትኛው ቤት ልጆቹን ብቻ ትቶ መንገድ እንደሄደ ያውቃል። ካቡ ሲወድቅ ከሥሩ ሰው አልነበረም።

ይህን የምጽፈው ቅሬ መንግሥትን ይተካል ለማለት አይደለም። ደብተሩ የሚያውቀው አባሉን ነው። ከሰፈሩ ግርጌ በአንድ ክፍል ውስጥ አምስት ሆነው የተከራዩ የቀን ሠራተኞች በደብተሩ ላይ የሉም፤ በዚያ ሌሊት የቀሰቀሳቸው ጩኸቱ ብቻ ነበር። በ2009 የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ደሴን ጨምሮ በ11 ከተሞች ሲጀመር ድሀውን የመለየቱ ሥራ ለሰፈር ኮሚቴዎች የተሰጠው ይህን የቅርብ ዕውቀት ፍለጋ ነበር፤ ያ ዕውቀት ግን ከኮሚቴው ወረቀት አልፎ ከካዳስተሩ (ከመሬት ይዞታ መዝገቡ)፣ ከግብሩና ከአደጋ ሥጋቱ ካርታ ጋር በአንድ ቁጥር ሲያያዝ አላየሁም። ተከራዩን የሚመዘግብ መዝገብ፣ ጸሐፊው የሚያውቀውን የሚያክል ዝርዝር፣ እንደ ጥሩንባው በሌሊት የሚነሣ ተረኛ፤ እኔ ከከተማዬ የምፈልገው ይህን ነው።

ፈቃዱ በጥቅምት ወጣ። ቅሬው በመስከረም ወር በሦስት ቅዳሜዎች ወጥቶ ካቡን አስቀድሞ ሠርቶት ስለ ነበር ወረቀቱ የሚፈቅደው ነገር አልቀረም። አጎቴ ማኅተሙን እያገላበጠ አየና ለቅሬው ጸሐፊ ሰጠው፤ «ከደብተርህ ውስጥ አስቀምጥልኝ፤ እኔ ጋ ልጆቹ ይጥሉታል፣ እዚያ መሥሪያ ቤት ደግሞ ሲስተም የለም» አለው።